የትውልድ መዝገብ ለትናንሽ ጦጣዎች ሕልውና ያለው ጥቅም

በመካነ እንስሳት የሚኖሩ ትናንሽ ጦጣዎች ቁጥራቸው መብዛቱ ብቻ ዝርያቸው ከጥፋት መዳኑን አያረጋግጥም። ሁሉም ከጥቂት ወላጆች የተገኙ ከሆነ፣ ውሎ አድሮ ዘመድ ከዘመዱ መራባቱ አይቀርም። በዚህም ምክንያት በወላጆች ላይ ሳይታይ የቆየ በዘር የሚተላለፍ ጉድለት በግልገሎች ላይ ይገለጣል። እ.ኤ.አ. በ1982 የታተመ ጥናት በሰው እንክብካቤ ሥር ባሉ የጦጣና የዝንጀሮ ወገኖች መካከል ከዘመዳሞች የተወለዱ ግልገሎች ሞት በአብዛኛው ከሌሎቹ ከፍ ያለ መሆኑን አሳይቷል።

ለዚህ ችግር ዋነኛው መከላከያ የትውልድ መዝገብ ነው። በመዝገቡ የእያንዳንዱ እንስሳ መለያ ቁጥር፣ ፆታ፣ አባትና እናት፣ የተወለደበትና የሞተበት ቀን እንዲሁም የኖረባቸው ቦታዎች ይሰፍራሉ። ከእነዚህ መረጃዎች የዝምድና መጠን ይሰላል። ለምሳሌ ዝምድና ከሌላቸው ወላጆች የተወለዱ ወንድምና እኅት ቢራቡ፣ ግልገላቸው አንድን ዘረመል በአባቱም በእናቱም በኩል ከአንድ አያት የመውረሱ ዕድል 25 በመቶ ነው።

ከዚያም እያንዳንዱ እንስሳ በሕይወት ካሉት ሁሉ ጋር ያለው አማካይ ዝምድና ይታያል። አማካዩ ዝቅተኛ የሆነው እንስሳ ዘረመሉ ብርቅ ስለሆነ ለመራባት ቅድሚያ ያገኛል። ዘመዶቹ የበዙት ግን ጤናማና ወላድ ቢሆንም በወሊድ መከላከያ ወይም ተለይቶ በመኖር እንዲያርፍ ይደረጋል። የተለመደው ግብ ከመሥራቾቹ የዘረመል ብዝኀነት 90 በመቶውን ለ100 ዓመት ማቆየት ነው።

የብራዚሉ ወርቃማ አንበሳ ታማሪን ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። በ1970ዎቹ መጀመሪያ በዱር የቀሩት ጥቂት መቶዎች ብቻ እንደነበሩ ተገምቷል። በመዝገብ እየተመሩ በመካነ እንስሳት የተራቡት ከ1984 ጀምሮ ወደ ደን ተመለሱ፤ በ2003ም ዝርያው በዓለም አቀፉ መዝገብ እጅግ ከፍተኛ የመጥፋት አደጋ ካለባቸው ተርታ ዝቅ አለ። ይሁን እንጂ በ2014 ወደ 3,700 የሚጠጋው የዱር ቁጥር፣ ከ2016 ወዲህ በተነሣው የቢጫ ወባ ወረርሽኝ ሳቢያ በ2019 ወደ 2,500 ወረደ። በ2023 በተደረገው ቆጠራ እንደገና ወደ 4,800 ከፍ ብሏል።

እንዲህ ያለው ወረርሽኝ በማቆያ ያሉት እንስሳት ለዱሩ ዋስትና መሆናቸውን ያስገነዝባል። ዋስትናው የሚጸናው ግን መዝገቡ እውነተኛ ሲሆን ነው። ሁለት ወንዶች አብረው በሚኖሩበት መንጋ አባትየው በስሕተት ቢመዘገብ፣ የተወላጆቹ ሁሉ ስሌት ይዛባል። ስለዚህ አጠራጣሪ በሆነ ጊዜ አባትነትን በዲ.ኤን.ኤ. ምርመራ ማረጋገጥ ይገባል።