ጓዳው ሙሉ፣ ግድግዳው ጡብ

የዋሽንግተን ስቴት የአደጋ ጊዜ ሥራ አመራር መሥሪያ ቤት ለነዋሪው ሁሉ የሚሰጠው ምክር አጭር ነው፤ ሁለት ሳምንት ያለ ማንም እርዳታ ለመቆየት ተዘጋጁ ይላል። «ለሦስት ቀን» የሚለው የድሮ ምክር ከቀረ ዓመታት አልፈዋል። ሲያትል፣ ካፒቶል ሂል ላይ ለሚኖር ኢትዮጵያዊ ቤተሰብ ይህ ምክር መጀመሪያ ሲሰማ ቀላል ይመስላል። ጓዳው ውስጥ በዘመድ ሻንጣ የመጣ ሽሮና በርበሬ አለ፤ ቆሎው፣ በሶው፣ ዳቦ ቆሎው፣ ድርቆሹ አይጠፋም። በጾም የለመደ ሆድም አለ። ስለዚህ የዝግጅት ወሬ ሲነሳ ብዙው ሰው «እኛ ስንቱን አይተናል» ብሎ ያልፈዋል። ይህ መተማመን ግማሹ ልክ ነው፣ ግማሹ ግን አደገኛ ነው። ስንቁ አለ። ውሃው የለም። ከሁለቱም በፊት ደግሞ ሰው የሚሞተው በሌላ ነገር ነው፤ ተከራይቶ በሚተኛበት የጡብ ግድግዳና መብራት ሲጠፋ ቤት ውስጥ በሚያቀጣጥለው ከሰል።

ከግድግዳው በፊት ስለ መሬቱ። ሲያትልን የሚያሰጋት የመሬት መንቀጥቀጥ ሦስት ዓይነት ነው። ስሙ የገነነው ካስኬዲያ ከሚባለው፣ የውቅያኖስ ወለል ከአህጉሩ ሥር እየተንሸራተተ ከሚገባበት ረጅም መስመር የሚነሳው ነው። ታሪኩ የተገለጠበት መንገድ ራሱን የቻለ ድንቅ ነገር ነው። ብራያን አትዋተር የተባለው የጂኦሎጂ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ የዋሽንግተንን የባሕር ዳርቻ ረግረጎች ሲያጠና፣ መሬቱ በአንድ ጊዜ ዝቅ ብሎ በጨው ውሃ እንደተዋጠ የሚያሳይ አፈር አገኘ። በዚያው ዳርቻ በኮፓሊስ ወንዝ አጠገብ ሞተው፣ ደርቀው፣ ግን ሳይወድቁ የቆሙ የሴዳር ዛፎች ነበሩ። የግንዳቸው ቀለበት ሲቆጠር የሞቱት ከ1699 የእድገት ወቅት በኋላ፣ ከ1700 የእድገት ወቅት በፊት ሆኖ ተገኘ። ከውቅያኖሱ ማዶ ደግሞ የጃፓን መዛግብት በጥር 1700 ምንም መንቀጥቀጥ ሳይቀድመው መጥቶ የባሕር ዳር መንደሮችን የመታ ማዕበል መዝግበዋል። ኬንጂ ሳታኬና ባልደረቦቹ ሁለቱን አገናኙ። ጥር 26 ቀን 1700 ማታ፣ መጠኑ 9 ገደማ የሆነ መንቀጥቀጥ የዛሬውን ዋሽንግተንና ኦሪገን ዳርቻ አናውጦ፣ ማዕበሉ ጃፓን ድረስ ተጉዟል። ያን ጊዜ ጎንደር ላይ አድያም ሰገድ ኢያሱ ነግሠው ነበር። ከአራት ዓመት በኋላ፣ በ1704፣ የእሳቸውም ቤተ መንግሥት በመሬት መንቀጥቀጥ ተጎድቷል፤ ሁለቱ መንቀጥቀጦች የሚዛመዱት በዘመን ብቻ ነው፣ ግን ነገሩ ለእኛ እንግዳ አለመሆኑን ለማስታወስ ይበቃል።

ሁለተኛው ዓይነት ከከተማዋ ሥር በሚያልፈው የሲያትል ስንጥቅ ላይ የሚነሳው ነው። ከ1,100 ዓመት ገደማ በፊት በአንድ ጊዜ ተንቀሳቅሶ፣ ከሲያትል ማዶ ያለውን የቤይንብሪጅ ደሴት ደቡባዊ ዳርቻ በ7 ሜትር ገደማ ከፍ አድርጎታል። ሦስተኛው ከጥልቅ የሚመጣው ነው፤ በ1949፣ በ1965 እና በ2001 የደረሱት የዚህ ወገን ናቸው። የአሜሪካ ጂኦሎጂካል ሰርቬይ ባለሙያዎች እንደሚሉት በ50 ዓመት ውስጥ ጥልቁ ዓይነት በመጠን 6.5 እና ከዚያ በላይ ሆኖ የመምጣት ዕድሉ 84 በመቶ ነው፤ የካስኬዲያው ታላቅ መንቀጥቀጥ ግን ከ10 እስከ 15 በመቶ። ጋዜጣውም ፊልሙም ስለ ታላቁ ሲያወራ ሰው «ያ ከመጣ ማን ይተርፋል» ብሎ እጁን አጣጥፎ ይቀመጣል። በአንድ ሰው የሥራ ዘመን ውስጥ ይመጣል ተብሎ የሚጠበቀው ግን መጠኑ መካከለኛ የሆነው ጥልቁ ነው፤ እሱ ደግሞ የተዘጋጀና ያልተዘጋጀ የሚለይበት ነው።

የካቲት 28 ቀን 2001 ከረፋዱ 10:54 ላይ የደረሰው የኒስኳሊ መንቀጥቀጥ መጠኑ 6.8 ነበር። ከመሬት በታች 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ጥልቀት ላይ በመነሳቱ ጉልበቱ ደክሞ ነው ላይ የደረሰው። እንዲያም ሆኖ ሲያትል ማንም እንዳይገባባቸው ቀይ ወረቀት ከለጠፈችባቸው ህንጻዎች ሁለት ሦስተኛ ያህሉ ብረት ሳይገባባቸው በጡብና በኖራ ብቻ የተገነቡ አሮጌ ህንጻዎች ነበሩ። ከተማዋ ዛሬ ከ1,100 በላይ እንዲህ ያሉ ህንጻዎችን በዝርዝር ታውቃለች። ፓዮኒር ስኩዌር፣ ቻይናታውን፣ ባላርድ አሉበት፤ ካፒቶል ሂልም በብዛት አለበት። ሰፈሩን ውብ የሚያደርጉት እነዚያ ባለ ሦስትና ባለ አራት ፎቅ ቀይ አፓርታማዎች ከፊሎቹ በዚህ ዝርዝር ውስጥ ናቸው። ሲያትል በ1970ዎቹ ባለንብረቶችን ህንጻዎቹን እንዲያጠናክሩ ለማስገደድ ሞክራ ደንቡን መልሳ ሻረችው። ከዚያ ወዲህ ኮሚቴ ኮሚቴን ተክቷል። በታኅሣሥ 2021 የከተማዋ ምክር ቤት አስገዳጅ ፕሮግራም እንዲዘጋጅ የሚጠይቅ የውሳኔ ሐሳብ አጸደቀ፤ የውሳኔ ሐሳብ ግን ሕግ አይደለም። «ከየትኛው ቀን ጀምሮ?» ለሚለው ቀላል ጥያቄ ቁርጥ ያለ መልስ የሚሰጥ ኃላፊ ሳይገኝ ከአርባ ዓመት በላይ ሄዷል። ሎስ አንጀለስ ይህንኑ ደንብ ያወጣችው በ1981 ነው።

ለመዘግየቱ የሚቀርበው ምክንያት ግን ተራ ሰበብ አይደለም። አንድን የጡብ አፓርታማ በብረት ማሰር ብዙ ገንዘብ ይፈልጋል፤ ባለንብረቱ ወጪውን ኪራይ ላይ ይጭናል፣ ወይም ህንጻውን ሸጦ ይገላገላል። ከሁለቱም የሚጎዳው ዝቅተኛ ገቢ ያለው ተከራይ ነው። አሮጌዎቹ አፓርታማዎች ኪራያቸው ከአዲሶቹ ቀለል የሚለው በእርጅናቸው ነውና፣ ካፒቶል ሂል ላይ ለመቆየት የቻለው ወገናችንም ብዙውን ጊዜ እዚያው ነው የሚገኘው። ክርክሩ እውነትነት አለው። ነገር ግን መደምደሚያው «እንግዲያው እንተወው» ከሆነ፣ ርካሽ ኪራይ የሚከፍለው ሰው ልዩነቱን በሕይወቱ ያስይዛል ማለት ነው። መፍትሔው በሕዝብ ገንዘብ የተደገፈ ብድርና የኪራይ ጭማሪ ገደብ ከአስገዳጅ ቀን ጋር አብሮ ሲመጣ ነው፤ አንዱ ያለ ሌላው ወይ ያፈናቅላል ወይ ይገድላል።

እስከዚያው ተከራዩ አቅመ ቢስ አይደለም። ግድግዳውን ከውጭ ማየት ይቻላል። በየአምስት በየስድስት ረድፉ ጡቦች በአጭር ጎናቸው ወደ ውጭ ዞረው የተደረደሩበት መስመር ካለ፣ ግድግዳው ራሱ ህንጻውን የተሸከመ የጡብ ግድግዳ የመሆኑ ምልክት ነው። በፎቆቹ ወለል ቁመት ላይ የተደረደሩ የብረት ሳህኖች ከታዩ ደግሞ ግድግዳው ከወለሉ ጋር በተወሰነ ደረጃ ታስሯል ማለት ነው። የከተማዋ ዝርዝር ለሕዝብ ክፍት ነው፤ ባለንብረቱን በጽሑፍ መጠየቅም ይቻላል። አልጋን ከመስኮትና ከከባድ ቁም ሣጥን ማራቅ፣ ቁም ሣጥኑን ከግድግዳ ጋር ማሰር ግማሽ ቀን የማይፈጅ ሥራ ነው።

ከሁሉ የሚከብደው ግን እግርን መያዝ ነው። እኛ መሬት ሲንቀጠቀጥ ወደ ደጅ የምንሮጥ ሰዎች ነን። ከ2024 መጨረሻ ጀምሮ በፈንታሌና በዶፈን አካባቢ ያለው መሬት ሲናወጥ፣ በአስር ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ከአፋርና ከኦሮሚያ ቀዬዎች ሲነሳ፣ አዲስ አበባም ውስጥ የኮንዶሚኒየም ነዋሪ ሌሊት በደረጃ እየወረደ ሜዳ ላይ አድሯል። በ1961 የካራ ቆሬው መንቀጥቀጥ ማጀቴን ሲያፈርስ፣ የድንጋይና የጭቃ ቤት ውስጥ ለነበረ ሰው ቶሎ መውጣቱ ብልሃት ሊሆን ይችል ነበር። የካፒቶል ሂል የእግረኛ መንገድ ግን ሌላ ነው። የጡብ ህንጻ መጀመሪያ የሚጥለው የጣሪያውን ጫፍና የፊቱን ግድግዳ ነው፤ የሚወድቀውም ከበሩ ፊት ለፊት ነው። የካቲት 22 ቀን 2011 በኒውዚላንዷ ክራይስትቸርች 185 ሰዎች ሲሞቱ፣ በጡብ ህንጻዎች ሳቢያ ከሞቱት 40 ገደማ ሰዎች አብዛኞቹ ህንጻው ውስጥ የነበሩ አይደሉም፤ መንገድ ላይ፣ ተሽከርካሪ ውስጥ ወይም ጎረቤት ህንጻ ውስጥ የነበሩ ናቸው። ስለዚህ ጠረጴዛ ሥር ገብቶ የጠረጴዛውን እግር ይዞ መጠበቅ፣ መናወጡ ቆሞ ከወጡም በኋላ ከግድግዳው ርቆ መሄድ ነው። ይህንን ለልጅ ማስተማር ቀላል ነው፤ ትምህርት ቤት ተለማምዶታል። ለእናትና ለአባት ነው የሚከብደው።

ወደ ከሰሉ እንምጣ። በታኅሣሥ 2006 በተነሳው የነፋስ አውሎ በምዕራብ ዋሽንግተን ከአንድ ሚሊዮን በላይ ደንበኞች መብራት አጡ፤ አንዳንዱ ቤት ለብዙ ቀናት። በኪንግ ካውንቲ ከ200 በላይ ሰዎች በካርቦን ሞኖክሳይድ ተመርዘው ታከሙ፣ የሞቱም ነበሩ፤ ከተመረዙት ውስጥ ስደተኛ ቤተሰቦች በርካታ ነበሩ፣ መነሻውም ብዙ ጊዜ ቤት ውስጥ የነደደ ከሰል ነበር። የሲያትል ታይምስ ጋዜጣ ማስጠንቀቂያውን በፊት ገጹ ላይ በብዙ ቋንቋዎች አወጣ። ነገሩ አዲስ አልነበረም፤ ከጥር 1993ቱ አውሎ በኋላም ተመሳሳይ መመረዝ ታይቶ ነበር። እዚህ ላይ ኢትዮጵያዊው ቤት ልዩ ፈተና አለበት። ከሰል ለእኛ ቡና ነው፣ ዕጣን ነው፣ እንግዳ ነው። የአዲስ አበባ እሳትና አደጋ መሥሪያ ቤትም በየጊዜው በዝግ ክፍል ከከሰል ጋር ያደሩ ቤተሰቦችን ሞት ያስታውቃል። አገር ቤት ግን ጣሪያው ቆርቆሮ ነው፣ በሩ ክፍተት አለው። የአሜሪካ አፓርታማ መስኮቱ ሙቀት እንዳያመልጥ ሆኖ የተደፈነ ነው፤ ጋዙም ሽታ የለውም። «መስኮት ከፍቼ ነው» የሚለው ማስተባበያ አያድንም፤ ከሰሉ መጥፎ ሽታው ሄዶ ፍም ከሆነ በኋላም መርዙን ይለቃል። በዋሽንግተን ስቴት ከ2013 ጀምሮ የኪራይ ቤቶች የካርቦን ሞኖክሳይድ ማስጠንቀቂያ መሣሪያ ሊኖራቸው ይገባል፤ መግጠሙ የአከራዩ ነው፣ ባትሪውን መጠበቅ የተከራዩ ነው። መብራት በጠፋ ቀን ቡናው ይቅር፣ ወይም ጀበናው ደጅ ይጣድ።

ጓዳውም ቢሆን አንድ ጊዜ መፈተሽ አለበት። ጤፍ ዱቄት ያለ ኤሌክትሪክ ምጣድ ምግብ አይደለም፤ ሽሮም እሳት ይፈልጋል። ሁለት ሳምንት የሚያዘልቀው ሳይበስል የሚበላው ነው፤ በሶ፣ ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ድርቆሽ። ውሃ ግን ለአንድ ሰው በቀን 1 ጋሎን ይመከራል፤ ለአራት ሰው ቤተሰብ በ14 ቀን 56 ጋሎን፣ ከ200 ሊትር በላይ ይሆናል። ስቱዲዮ ውስጥ ይህን ሁሉ ማስቀመጫ የለም፤ አልጋ ሥር የሚገባውን ያህል አስገብቶ ለቀረው ሽታ የሌለው ተራ በረኪና መያዝ ነው። መጠኑ 6 በመቶ የሆነ በረኪና ለ1 ጋሎን ንጹሕ ውሃ 8 ጠብታ ተጨምሮ ግማሽ ሰዓት ይቆያል። የደም ግፊትና የስኳር መድኃኒት፣ ጥቂት ጥሬ ገንዘብ፣ የፓስፖርትና የዜግነት ወረቀት ቅጂ ይጨመሩበት። ሁሉም በአንድ ጊዜ ሲደውል ስልክ ይጨናነቃልና፣ ዲሲ ወይም ዳላስ ያለ አንድ ዘመድ የመልእክት መቀበያ ተደርጎ ቢመረጥና ሁሉም ለእሱ አጭር ጽሑፍ ቢልክ፣ አዲስ አበባ የተጨነቀችው እናትም ከእሱ ትሰማለች።

«የእግዚአብሔርን ሥራ ማን ያስቆማል» የሚለው ተቃውሞ ከልብ የሚነገር ነውና በቀልድ መታለፍ የለበትም። ግን ያው እምነት ዮሴፍ በጥጋቡ ዘመን እህል ማከማቸቱን እንደ ክህደት አይቆጥረውም፤ ጎተራ መሙላቱን ከጥበብ ነው የሚቆጥረው።

የሚቀረው ጥያቄ ማን ከማን ጋር ይዘጋጅ የሚለው ነው። የእድሩ አባላት ከካፒቶል ሂል እስከ ሬኒየር ሸለቆ፣ እስከ ረንተንና ኬንት ተበትነዋል፤ መካከላቸው ድልድይና አውራ ጎዳና አለ። በመጀመሪያው ቀን በር የሚያንኳኳው አማርኛ የማይችለው የኮሪደር ጎረቤት ነው። ሲያትል ውስጥ ሬዲዮ ያላቸው በጎ ፈቃደኞች ከአደጋ በኋላ ሰው የሚሰበሰብባቸውን ቦታዎች በየሰፈሩ አዘጋጅተዋል፤ የራስን ቅርብ ቦታ ማወቅ የግድ ነው። ማስጠንቀቂያው በአማርኛ ይመጣል ብሎ መጠበቅ ግን አይቻልም። አማርኛ የሲያትል አስተዳደር ሰነድ ከሚያስተረጉምባቸው ዋና ቋንቋዎች አንዱ ቢሆንም፣ የፌዴራሉ የኮሙኒኬሽን ኮሚሽን በ2025 መጀመሪያ ለስልክ ማስጠንቀቂያ ከእንግሊዝኛ ሌላ 13 ቋንቋዎች ሲመርጥ አማርኛ አልገባም። ያንን ክፍተት ሊሞላ የሚችለው እድር ነው፤ የስም መዝገብ፣ የስልክ ሰንሰለት፣ የገንዘብ መዋጮ ቀድሞም አለው፤ እስካሁን የሚሠራው ግን ከሞት በኋላ ብቻ ነው። የእድር ሰብሳቢዎችና ጸሐፊዎች ሆይ፣ በሚቀጥለው ስብሰባ መዝገቡ ላይ ሦስት ዓምድ ጨምሩ፤ ማን በጡብ ህንጻ ይኖራል፣ ማን ብቻውን የሚኖር ሽማግሌ ነው፣ ከእያንዳንዳቸው በእግር የሚደርስ ቅርብ አባል ማን ነው።