ሥራ ተከምሮ ሥራ የፈታው ማሽን

እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ትልልቅ ኮምፒውተሮችን የሚያስተዳድሩ መሐንዲሶች ግራ የሚያጋባ ነገር ገጠማቸው። ብዙ ፕሮግራሞችን ጎን ለጎን ያለ ችግር የሚያስኬድ ማሽን አንድ ሲጨመርበት፣ ትንሽ ይዘገያል ተብሎ ሲጠበቅ ድንገት ቀጥ ይላል። የተቃጠለ ዕቃ የለም፤ ፕሮግራሞቹም ጤነኞች ናቸው። የሚገርመው፣ ያ ሁሉ ሥራ ተከምሮ ፕሮሰሰሩ እጁን አጣጥፎ መቀመጡ ነው።

የነገሩ ሥር እንግሊዝ አገር ነው። በማንችስተር ዩኒቨርሲቲ ቶም ኪልበርንና ባልደረቦቹ የነደፉት አትላስ የተባለው ኮምፒውተር በዲሴምበር 1962 ተመረቀ። ሜሞሪው ፈጣን ቢሆንም ጠባብ ነበር። ከጎኑ ስድስት እጥፍ የሚሰፋ፣ ግን እጅግ ዘገምተኛ የሆነ የሚሽከረከር መግነጢሳዊ ከበሮ ተቀምጧል። ኪልበርን ሁለቱን እንደ አንድ ሰፊ ሜሞሪ እንዲታዩ አደረጋቸው። ፕሮግራሙ ገጽ በሚባሉ ቁርጥራጮች ይከፋፈላል፤ የተፈለገው ገጽ ከከበሮው ይመጣል፣ ቦታ ሲጠፋ ሌላው ወደ ከበሮው ይመለሳል። ድንቅ ዘዴ ነበር። የዛሬው ዊንዶውስም ሜሞሪ ሲያጥረው የሚያደርገው ይህንኑ ነው፤ ከበሮው ብቻ በዲስክ ተተክቷል።

የመጀመሪያው ጥያቄ ቦታ ሲጠፋ የትኛው ገጽ ይውጣ የሚል ነበር። የአይቢኤሙ ላስሎ ቤላዲ በ1966 የተለያዩ የማስወጫ ዘዴዎችን አወዳድሮ አሳተመ። አንዱ ዘዴ ካንዱ እንደሚሻል ታወቀ።

በኤምአይቲ የዶክትሬት ተማሪ የነበረው ፒተር ዴኒንግ ጥያቄውን ከሌላ አቅጣጫ ያዘው፦ አንድ ፕሮግራም ሳይንገታገት ለመሥራት ስንት ገጽ ይበቃዋል? ፕሮግራም ገጾቹን ሁሉ እኩል አይነካም። ለተወሰነ ጊዜ በጥቂቶቹ ላይ ይመላለስና ወደ ሌሎች ይሻገራል። በቅርቡ የነካቸውን ገጾች ዴኒንግ ወርኪንግ ሴት አላቸው። ሐሳቡን በ1967 ጋትሊንበርግ፣ ቴነሲ ላይ አቀረበ፤ ጽሑፉ በ1968 ታተመ።

በዚህ ዓይን ሲታይ እንቆቅልሹ ተፈታ። የፕሮግራሞቹ ፍላጎት ተደምሮ ከሜሞሪው ሲበልጥ፣ አንዱ የሚያስገባው ገጽ የሌላውን ያስወጣል፤ የተወሰደበትም ወዲያው መልሱልኝ ይላል። በአንድ ብርድ ልብስ እንደተኙ ልጆች ነው፤ አንዱ ሲጎትት ሌላው ይራቆታል፣ ሌሊቱን ሙሉ የሚተኛ የለም። ፕሮሰሰሩም ገጽ እስኪመጣለት ይጠብቃል። አስቂኙ ነገር፣ ኦፕሬቲንግ ሲስተሙ ፕሮሰሰሩ ሥራ መፍታቱን ሲያይ «ሥራ አነሰው» ብሎ ሌላ ፕሮግራም ሊጨምርበት መቻሉ ነው። ይህ በሽታ ትራሺንግ ይባላል። ዴኒንግ ያዘዘው መድኃኒት ቀላል ነው፦ የሚያስፈልጉት ገጾች በሜሞሪው የማይበቁለት ፕሮግራም አይጀመር፣ ተራውን ይጠብቅ።

እኛ ጋ የቤት ኮምፒውተር ሲንቀራፈፍ ቀድሞ የሚመጣው ምክር «ፎርማት ይደረግ» ነው። እኔ መጀመሪያ ታስክ ማናጀርን መክፈት ይሻላል ባይ ነኝ። ሜሞሪው ጢም ብሎ፣ ዲስኩ መቶ በመቶ ተወጥሮ፣ ሲፒዩው (ፕሮሰሰሩ) ግን የሚያዛጋ ከሆነ በሽታው ያው የ1960ዎቹ ነው። ፎርማት የሚያሻለውም ብዙ ጊዜ ከኮምፒውተሩ ጋር አብረው የሚነሱትን ፕሮግራሞች ጠርጎ ስለሚወስድ ነው፤ እነሱን ግን ምንም ፋይል ሳይነካ ከስታርትአፕ ዝርዝር ላይ ማጥፋት ይቻላል። የብሮውዘር ታቦችን መዝጋትም ይረዳል። ሃርድ ዲስክን በኤስኤስዲ መቀየር ምልልሱን ያፈጥነዋል እንጂ አያስቀረውም፤ የሚያስቀረው ሜሞሪውን (ራሙን) መጨመር ነው። ሜሞሪው ሰፊ ቦታ እያለው ዲስኩ ብቻ ቀን ከሌት የሚንገላታ ከሆነ ግን ዲስኩ ራሱ እየሞተ ሊሆን ስለሚችል ከሁሉ በፊት ፋይሎችን ወደ ሌላ ቦታ መገልበጥ ይቅደም።