በታብሌት ላይ መስመር ስለ መሳብ

ከደባርቅ ተነሥቶ ሊማሊሞን የወረደ መንገደኛ አዲ አርቃይ ሲደርስ የስሜንን ሾጣጣ ተራሮች ቀና ብሎ ያያል። ይህን የተራራ ጠርዝ በታብሌት ለመሣል የሚነሣ ተማሪ አስቀድሞ የሚያማርረው የእጁን መንቀጥቀጥ ነው።

የመሣያው ፕሮግራም ለዚሁ ማለስለሻ አለው፤ ይኸውም ብዕሩ ያለፈባቸውን ነጥቦች አማካይ እየወሰደ መስመሩን ያቀናል። ዳሩ ግን መስመሩ ከእጅ ኋላ ይጎተታል፤ የገደሉም ስለታም ማዕዘን ይዶለዱማል። ስለዚህ ማለስለሻውን የብራና ሐረግ ለመሰለ ረጅም ጥምዝ እንጂ ለገደል ማብዛቱን አንደግፍም። አንዳንዱ ብዕር ግፊትን እስከ 8192 ደረጃ ቢለይም (ሻጮች ይህን አብዝተው ያወሩታል) የሚንቀጠቀጥ እጅን አያጸናም።

በእኛ አስተያየት ዋናው ነገር ክንድ ነው። ረጅሙ መስመር ከትከሻ፥ አጭሩ ከእጅ አንጓ ይሳባል፤ እጅግ ዝግ ብሎ የተሳበ መስመር ይንቀጠቀጣልና ፈጠን ማለት ይበጃል። ገጹንም እጅ በተፈጥሮው ወደሚዞርበት አቅጣጫ ማዞር ይረዳል።

የብራና ጸሐፊ በመቃ ብርዕ ከመጻፉ በፊት በወስፌ ያሰምራል። በታብሌትም ከሥር በሌላ ንብርብር ቀጭን ንድፍ ማኖር ያንኑ ሥራ ይሠራል። መስመሩ ካልሰመረ ከመጠጋገን ይልቅ ሰርዞ እንደገና መሳብ ይፈጥናል፤ ጸሐፊው ግን ስሕተቱን በምላጭ መፋቅ አለበት።