ባዶ የንግድ ቤት ጠባቂው ማን ነው?

በሩ የተዘጋ ንግድ ቤት በአንድ ሌሊት አይጠፋም። በመጀመሪያ የመስኮቱ መስታወት ይሰበራል፤ ቀጥሎ የደጁ አምፖል ይወሰዳል፤ ከዚያም ጓጉንቸሩ ይፈለቀቃል። ይህን ሁሉ አይቶ የጠየቀ ሰው ከሌለ ሽቦው ከግድግዳው፣ ቆርቆሮው ከጣሪያው ይነቀላል። አበው “ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ” ያሉት ይህን ሥርዐት አስተውለው ነው። ባዶ ሕንፃን የመጠበቅ ጥበብም በዚሁ ብሂል ውስጥ ይገኛል፤ ባለቤት መኖሩ ከውጭ መታየት አለበት።

እንደ ኩታበር ባሉ የደቡብ ወሎ ከተሞች ንግድ ቤት በልዩ ልዩ ምክንያት ባዶ ይሆናል። ነጋዴው ወደ ደሴ ወይም ወደ ኮምቦልቻ ይዛወራል፤ ተከራይ ለቆ ሌላ እስኪገኝ ወራት ይቆጠራሉ፤ ወራሾች እስኪስማሙ ቤቱ ተቆልፎ ይከርማል። ከሁሉ የከፋው ግን ሰው ቤቱን ሳይወድ ጥሎ የሚወጣበት ጊዜ ነው።

ይህን አካባቢው በ2014 ዓ.ም በተግባር አይቶታል። ጦርነቱ ወደ ኩታበርና ወደ አጎራባቾቿ ሲደርስ ነዋሪው ቤቱንና ሱቁን እየቆለፈ ወደ ደሴ ሸሸ። በጥቅምት መጨረሻ ገደማ ውጊያው ደሴንና ኮምቦልቻንም አዳረሰ። መንግሥት ሁለቱ ከተሞች ነፃ መውጣታቸውን ኅዳር 27 ቀን ሲያስታውቅ፣ ብዙ ነጋዴዎች ተመልሰው ያገኙት የተሰበረ በርና ባዶ መደርደሪያ ነበር።

ከሁለት ቀን በኋላ የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት በኮምቦልቻ ስለነበሩት የእርዳታ እህል መጋዘኖች የሰጠው መግለጫ ለዚህ ጉዳይ ትልቅ ትምህርት አለው። መግለጫው እንዳመለከተው ዘረፋው የጀመረው በጥቃቅን ስርቆት ሲሆን፣ በጥቂት ቀናት ውስጥ ወደ ጅምላ ዘረፋ አድጓል። ድርጊቱን እንደፈጸሙ የተጠቀሱትም የትግራይ ኃይሎች አባላትና ከአካባቢው ነዋሪም የተወሰኑ ሰዎች ናቸው። የታጠቀን ኃይል ጓጉንቸር አያቆመውም። ሆኖም ጥቃቅኑ ስርቆት ዝም ሲባል እጅ እንደሚበዛ ከዚህ መረዳት ይቻላል።

ነገሩ የእኛ አገር ብቻ አይደለም። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ሊቅ ፊሊፕ ዚምባርዶ በ1969 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ሁለት ሰሌዳ የሌላቸውን መኪኖች በሁለት ከተሞች አቁሞ ነበር። በኒው ዮርክ ብሮንክስ የቆመው መኪና በ10 ደቂቃ ውስጥ መዘረፍ ጀመረ፤ የመጀመሪያዎቹ ወሳጆችም አባት፣ እናትና ልጅ ነበሩ። በካሊፎርኒያ ፓሎ አልቶ የቆመው ግን ከሳምንት በላይ ማንም አልነካውም። ተመራማሪው ራሱ በመዶሻ ሲመታው መንገደኞችም ተከትለው ማውደም ያዙ። የመጀመሪያው ስብራት ለሌላው ሰው እንደ ፈቃድ ይቆጠራል ማለት ነው።

ስለዚህ ባለንብረቱ ቤቱን በሚዘጋበት ዕለት የሚሠራው ሥራ ወሳኝ ነው። ሊወሰድ የሚችል ዕቃ ሁሉ ይውጣ፤ የቀረው በዝርዝር ይጻፍ፤ እያንዳንዱ ክፍል ፎቶ ይነሣ፤ የመብራትና የውኃ ቆጣሪው ንባብ ይመዝገብ። የውኃው መስመር ከዋናው ይዘጋ፤ ለደጅ አምፖል ከሚያስፈልገው በቀር መብራቱም ይቋረጥ። ባዶ ቤት ውስጥ ያረጀ ሽቦ የሚያስነሣውን እሳት ቀድሞ የሚያይ ሰው የለምና።

ቀጥሎ መግቢያዎቹ ይፈተሹ። ብዙ ሰው የፊት በሩን በሁለትና በሦስት ጓጉንቸር ቆልፎ የጓሮውን መስኮት ይረሳል። ጓጉንቸሩ ጠንካራ ሆኖ ማያያዣው በአጭር ሚስማር የተመታ ከሆነ ጥቅሙ ትንሽ ነው፤ ሌባ የሚነቅለው ደካማውን ነው። በአጥሩ ሥር የተተወ መሰላል፣ በርሜል ወይም የድንጋይ ክምር ለጣሪያው መወጣጫ እንዳይሆን ይነሣ።

ለደጋው አገር ዝናብም እንደ ሌባ ነው። ክረምት ሳይገባ አሸንዳው ካልተጠረገና የላላው ቆርቆሮ ካልተመታ ውኃ ኮርኒሱን አበስብሶ ግድግዳውን ያርሳል። ደጁ ሣር የበቀለበት፣ ኮርኒሱ የተንጠለጠለ ቤት ደግሞ ባለቤት እንደሌለው ለመንገደኛው ሁሉ ይናገራል።

ከቁልፉ የሚበልጠው ሰው ነው። ቤቱ ባዶ መሆኑን የሚታመን ጎረቤት፣ ቀበሌውና የአካባቢው ፖሊስ ቢያውቁ፣ የባለቤቱም ስልክ በእጃቸው ቢኖር መልካም ነው። በወሎ ደግሞ ቅሬ አለ። ቅሬ ሙስሊሙንና ክርስቲያኑን በኀዘን ቀን የሚያሰባስብ፣ አባሉም ሲጠራ መቅረት የማይችልበት ማኅበር ነው። እንዲህ ያለ ትስስር ባለበት ሰፈር ለጎረቤት የተሰጠ አደራ ቀላል ነገር አይደለም። ዘበኛ የሚቀጠርም ከሆነ የሥራ ሰዓቱ፣ ደመወዙና ችግር ሲገጥመው የሚደውልለት ሰው በጽሑፍ ይወሰን፤ ቁልፍ የተረከበ ሁሉ በመዝገብ ይፈርም።

ጉብኝቱም ሰዓቱ የማይታወቅ፣ ግን የማይቋረጥ ይሁን። በሳምንት አንድ ጊዜ ደጁን ማስጠረግና በሩን ከፍቶ ማናፈስ ብዙ ይጠቅማል። የተሰበረ መስታወት በተሰበረበት ቀን ይተካ፤ ካልተቻለም በጣውላ ይመታ። ስርቆቱ ትንሽ ነው ተብሎ ለፖሊስ ሳይነገር አይታለፍ።

ባለቤቱ ይህን ቸል ቢል የሚጎዳው የራሱ ንብረት ብቻ አይደለም። የ1952 ዓ.ም የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 2077 የሕንፃ ባለቤት ሕንፃው ለሚያደርሰው ጉዳት ኀላፊ መሆኑን ይደነግጋል። ነፋስ ያነሣው ቆርቆሮ መንገደኛን ቢጎዳ “ቤቱ ባዶ ነበር” ማለት መልስ አይሆንም። መድን የገባ ሰውም ቤቱ ባዶ መሆኑን ለመድን ሰጪው በጽሑፍ ያሳውቅ። ሕጉ ሥጋት ሲጨምር ማስታወቅን ግዴታ ያደርጋል፤ ሰው ሳይኖርበት ከ30 ቀን በላይ የቆየን ቤት ከሽፋን የሚያስወጡ የእሳት መድን ውሎችም በዓለም የተለመዱ ናቸው።

ከሁሉ የሚሻለው መፍትሔ ግን ባዶነቱን ማሳጠር ነው። ከፍተኛ ኪራይ የሚከፍል ሰው እስኪመጣ በሩን ዘግቶ ዓመት ከመጠበቅ፣ በጽሑፍ ውል በአነስተኛ ዋጋ ለልብስ ሰፊ ወይም ለእህል ነጋዴ መስጠት ያዋጣል። ጠዋት በሩን የሚከፍት፣ ማታ መብራቱን የሚያበራ ሰው ያለበትን ቤት አጥር ለመነቅነቅ የሚደፍር ጥቂት ነው።