አፍ የሚፈታበት ቤት

እህቴ የመጀመሪያ ልጇን ከወለደች ወዲህ ስልኳ ምክር ሲያዘንብባት ይውላል። «ከልጅሽ ጋር ቀኑን ሙሉ አውሪ»፣ «የምትሠሪውን ሁሉ በቃል ንገሪው»፣ «አለዚያ ከእኩዮቹ ወደ ኋላ ይቀራል»። ባለፈው ቤቷ ስሄድ ሽንኩርት እየከተፈች ለሦስት ወር ሕፃን «አሁን ሽንኩርት እየከተፍኩ ነው፣ ቀጥሎ ዘይት እጨምራለሁ» ስትለው ሰማኋት። ሳቄ መጣ። እሷ ግን የምሯን ነው። «ዝም ብዬው ቢዘገይ ጥፋቱ የእኔ ነው የሚሆነው» አለችኝ።

ይቺ «ጥፋቱ የእኔ ነው» የምትለው ነገር ከነከነችኝ። ምክሩ ከየት መጣ ብዬ ማንበብ ጀመርኩ፤ ንባቡ ከአሜሪካ ተነስቶ ሜክሲኮ፣ ማያዎች መንደር አደረሰኝ።

መጀመሪያ አሜሪካን እንይ። ቤቲ ሃርትና ቶድ ሪዝሊ የተባሉ ተመራማሪዎች ካንሳስ ውስጥ 42 ቤተሰቦች ከልጆቻቸው ጋር የሚያወሩትን ሲቀዱ ቆይተው በ1995 እ.ኤ.አ. መጽሐፍ አወጡ። የድሃ ቤተሰብ ልጅ አራት ዓመት እስኪሞላው ከባለሙያ ቤተሰብ ልጅ 30 ሚሊዮን ያነሱ ቃላት ይሰማል የሚል ግምት ነበረበት። ቁጥሩ ዓለምን ዞረ። ኢኮኖሚክስ የተማረ ሰው እንዲህ ዓይነት ቁጥር ሲያይ መጀመሪያ የሚጠይቀው ስለ ናሙናው ነው። ከ42ቱ ውስጥ በመንግሥት ድጎማ የሚኖሩት 6 ቤተሰቦች ብቻ ነበሩ። ሁለተኛው ጥያቄ ደግሞ ይከብዳል፦ ዋናው ነገር ለልጁ በቀጥታ የሚነገረው ቃል ብዛት ከሆነ፣ ለሕፃን ብዙ በማይወራበት ባህል ያደጉ ልጆች እንዴት አፋቸውን ይፈታሉ?

ማያ ሲባል ብዙዎቻችን የምናውቀው ጥንታዊ ፒራሚዶቹንና «በ2012 ዓለም ያልቃል» የተባለበትን የቀን መቁጠሪያ ነው። ሕዝቡ ግን ዛሬም በሚሊዮኖች የሚቆጠር ነው፤ በጓቲማላና በደቡብ ሜክሲኮ 30 ገደማ ቋንቋዎችን ይናገራል። ከነዚህ አንዱ ጸልታል ነው። ቺያፓስ በተባለው የሜክሲኮ ግዛት፣ ቴኔሃፓ በሚባል ደጋ አካባቢ ጸልታል ተናጋሪዎች በቆሎና ቦሎቄ እያመረቱ፣ ዘመድ ከዘመድ ግቢ ለግቢ ተጠጋግተው ይኖራሉ። ሕፃን አብዛኛውን ቀን በጨርቅ ታዝሎ ነው የሚውለው፤ የእኛን አንቀልባ አስቡ። እናት እያዘለችው ትሠራለች፣ ከሰው ጋር ታወራለች፤ ከሕፃኑ ጋር ግን ብዙም አታወራም።

ማሪሳ ካሲላስ፣ ፔኔሎፔ ብራውንና ስቲቨን ሌቪንሰን በ2020 ባሳተሙት ጥናት፣ ከሁለት ወር እስከ ሦስት ዓመት ያሉ 10 የቴኔሃፓ ልጆች ድምፅ መቅጃና ትንሽ ካሜራ ያለበት ሰደርያ ለብሰው እንዲውሉ ተደረገ። ቅጂው ሲተነተን፣ ለልጁ ተብሎ የሚነገረው ንግግር በሰዓት በአማካይ 3.6 ደቂቃ ገደማ ብቻ ሆኖ ተገኘ።

በእህቴ ስልክ ሒሳብ ከሄድን እነዚህ ልጆች መዘግየት ነበረባቸው። አልዘገዩም። «ባ ባ» ማለት የሚጀምሩበት፣ የመጀመሪያዋን ቃል የሚያወጡበት፣ ከዚያም ሁለት ቃል የሚያገጣጥሙበት ዕድሜ ብዙ ከሚወራላቸው ልጆች ጋር ተቀራራቢ ነበር።

እንዴት ሆነ? አንደኛው ፍንጭ ወሬው በቀኑ ላይ እኩል የተረጨ አለመሆኑ ነው። ቤተሰቡ ሰብሰብ በሚልበት ሰዓት፣ በተለይ ጠዋት ጠዋት፣ ለልጁ የሚነገረው በአጭር ጊዜ ጠበቅ ብሎ ይመጣል። ሌላው የንግግሩ ልማድ ነው። ጸልታል ተናጋሪዎች ሲጨዋወቱ አንዱ ያለውን ሌላው መድገም ይወዳሉ፦ «ሄደ?» «ሄደ»። አጠገባቸው ላለ ልጅ ያው ቃል ሁለት ሦስቴ ጆሮው ይገባል ማለት ነው።

ሦስተኛው ከወሬ ያለፈ ነው። ባርባራ ሮጎፍ ጓቲማላ ውስጥ በሳን ፔድሮ ላ ላጉና ለአሥርት ዓመታት ባደረገችው ጥናት፣ የማያ ልጆች ከሥራና ከጨዋታ ሳይገለሉ፣ ትልልቆቹን እያዩና እየገቡበት እንደሚማሩ ጽፋለች። ልጅ እዚያ ቤት «ዞር በል» አይባልም።

የምግብ ግሶቻቸውን ተመልከቱ። በጸልታል «በላ» የሚል አንድ ቃል ለሁሉም አይበቃም። የበቆሎ ቂጣ ሲሆን አንድ ግስ፣ ሥጋ ሲሆን ሌላ፣ እንደ ሙዝ ለስላሳ ሲሆን ሌላ፣ የሚቆረጠም ነገር ሲሆን ደግሞ ሌላ አለ። እኛ ቆሎን ቆረጠምን፣ አጥንትን ጋጥን እንደምንለው፤ እነሱ ጋ ግን ጠንከር ይላል። (የመጨረሻው ግስ «ቁሽ» ነው፤ ፈረንጅ የሚቸገርበት የእኛው «ቀ» አለላችሁ።) ብራውን እንደጻፈችው ልጆቹ እንዲህ ያሉ ግሶችን ገና አፋቸውን ሲፈቱ ይጀምሯቸዋል። እኔ እንደሚመስለኝ ማዕዱ ራሱ ያስተምራል፤ ቂጣው በእጁ ላለ ልጅ የቂጣውን ግስ ማስረዳት ብዙም አያስፈልግም።

እዚህ ጋ «በቃ፣ ለልጅ ማውራት ትርፉ ድካም ነው» ብሎ ገጹን የሚዘጋ አይጠፋም። ቆይ። ላውራ ሽናይድማንና ሱዛን ጎልዲን-ሜዶው ሌሎች ማያዎችን፣ በሜክሲኮ የዩካቴክ ተናጋሪዎችን መንደር አጥንተው በ2012 ያሳተሙት ውጤት አለ። እዚያም ልጆቹ የሚሰሙት አብዛኛው ወሬ የሌሎች ሰዎች ነው። ሆኖም ልጁ በሁለት ዓመቱ ትልልቅ ሰዎች በቀጥታ ለእሱ የተናገሩት መጠን፣ ሦስት ዓመት ሊሞላው ሲል ከሚያውቀው የቃላት ብዛት ጋር ተያይዞ ተገኝቷል። በጎን የሰማው ወሬ ግን እንዲህ ዓይነት ግንኙነት አላሳየም።

ሁለቱ ጥናቶች ይጣላሉ? አይመስለኝም። አንዱ የጠየቀው «መቼ አፉን ፈታ?» ነው፤ ሌላው «ስንት ቃል ያዘ?»። አፍ መፍታቱ በብዙ ዓይነት ቤት ውስጥ በጊዜው ይመጣል። የቃል ክምችቱ ላይ ግን ትልቅ ሰው ልጁን ዓይን ዓይኑን እያየ የሚያወራው ይረዳል። ናሙናዎቹ ትንንሽ መሆናቸውንና ግንኙነት ማለት መንስኤ አለመሆኑንም አትርሱ።

እኔን የሚያናድደኝ ሌላ ነው። ከጥቂት የአሜሪካ ቤቶች የወጣ መለኪያ የልጅ አስተዳደግ ሁሉ ሜትር ሲሆን፣ ልጇን አዝላ ማሳ የምትውል እናት በአንድ ጊዜ «ጎደሎ» ተብላ ትመዘገባለች። ከዚያ ማስታወቂያው ይከተላል፤ አፕ ግዙ፣ ኮርስ ተመዝገቡ። ድሃ እናት የምትከፍለው ገንዘብ ስለሌላት ትርፏ ጸጸት ነው።

ይህን ሁሉ ለእህቴ ስነግራት «ታዲያ ምን ላድርግ?» አለችኝ። እኔ ሐኪም አይደለሁም። ልጁ ለድምፅ ምላሽ የማይሰጥ ከሆነ ወይም መናገሩ በጣም ከዘገየ ሐኪም ጋ ይዛችሁ ሂዱ። ከዚያ ውጪ የነገርኳት ይህን ነው፦ ስታወሪው እያየሽው አውሪው፣ ሲደክምሽ ዝም በይ፣ ሰው ሲመጣም መኝታ ቤት አትደብቂው።

እሁድ እናታችን መጣች። ሁለቱ ስለ ኪራይ ሲጨቃጨቁ ሕፃኑ እናቴ ጭን ላይ ሆኖ አንዴ እሷን፣ አንዴ እህቴን እያየ ነበር። ስለ ሽንኩርቱ ያወራ ሰው አልነበረም።