ከጉባኤው በፊት ያለው ዓመት

የኔቫዳ ሕግ አውጪ ምክር ቤት የሚሰበሰበው በሁለት ዓመት አንዴ ነው። ጎዶሎ ቁጥር ባለው ዓመት፣ በፌብሩዋሪ የመጀመሪያ ሰኞ ተከፍቶ በ120 ቀን ሥራውን ይጨርሳል (ዓመቶቹን ሁሉ እዚህ አገር እንደሚቆጠሩት ነው የምጽፋቸው)። ስብሰባው ካርሰን ሲቲ ነው፤ ከላስ ቬጋስ ሰሜን ምዕራብ ጫፍ፣ ከሴንቴኒያል ሂልስ ተነስቶ በዩኤስ 95 በረሃውን ለሚያቋርጥ ሰው የስድስት ሰባት ሰዓት መንገድ ነው። የ12 ሰዓት ሺፍት ጨርሳ ለወጣች ነርስ ይህ የሚታሰብ አይደለም። እርግጥ ከላስ ቬጋስ ሆኖ በቪዲዮ መመስከር ይቻላል። ረቂቁ ለምስክርነት እስኪቀርብ ድረስ ግን ማን እንደሚደግፍ፣ ማን እንደሚቃወም፣ የትኛው አንቀጽ እንደሚወጣ አብዛኛው ተመክሮበት አልቋል። ስለዚህ የጤና ፖሊሲ እንዲለወጥ ለምትፈልግ ነርስ ዋናው የሥራ ጊዜ ምክር ቤቱ የተዘጋበት ዓመት ነው፤ ዋናው አጋሯም ነርስ ያልሆነ ሰው ነው። ሁለተኛው ነጥብ ለብዙ የሙያ ባልደረቦቼ አይዋጥላቸውም፤ ስለዚህ የምቆየው እሱ ላይ ነው።

የ2025ቱን ጉባኤ እንውሰድ። በሆስፒታል አንድ ነርስ ስንት ታማሚ እንደምትይዝ ጣሪያ የሚያስቀምጠው ረቂቅ፣ ኤስቢ 182፣ በሁለቱም ምክር ቤቶች አልፎ ለገዥው ለጆ ሎምባርዶ ቀረበ፤ እሳቸው ግን በቪቶ ጣሉት። ቪቶ ለመሻር በእያንዳንዱ ምክር ቤት ሁለት ሦስተኛ ድምፅ ያስፈልጋል፤ በታችኛው ምክር ቤት ከ42ቱ 28፣ በሴኔቱ ከ21ዱ 14። አብላጫውን የያዙት ዴሞክራቶች በዚያ ጉባኤ የነበሯቸው 27 እና 13 ነበሩ። በሁለቱም ቤት አንድ አንድ ወንበር ጎደላቸው ማለት ነው። ያ ወንበር ቢኖር ኖሮ ሁሉም እጁን ያወጣ ነበር ብዬ አልምልም። ሆኖም ነገሩ በአንድ ወንበር እስከዚህ ከተቀራረበ፣ የአንድ ምርጫ ክልል ነዋሪዎች እንደራሴያቸውን ምን ብለው ይጠይቃሉ የሚለው ቀላል ነገር አይደለም።

ረቂቁ ማስረጃ አጥቶ አልወደቀም። ሊንዳ ኤይከንና ባልደረቦቿ በ2002 ባሳተሙት ጥናት በፔንሲልቬንያ 168 ሆስፒታሎችን መርምረው፣ በአንዲት ነርስ ላይ አንድ ተጨማሪ የቀዶ ሕክምና ታማሚ በተጨመረ ቁጥር ታማሚው በ30 ቀን ውስጥ የመሞቱ ዕድል በ7 በመቶ ከፍ እንደሚል አሳይተዋል። ጎረቤታችን ካሊፎርኒያ በ1999 ባወጣችው ሕግ መሠረት የነርስና የታማሚ ምጣኔን ከ2004 ጀምራ ሥራ ላይ አውላለች፤ በጽኑ ሕሙማን ክፍል ለአንድ ነርስ ከሁለት ታማሚ በላይ አይሰጥም። ጥናት ብቻውን የሚያሸንፍ ቢሆን ነገሩ ካለቀ ሃያ ዓመት በሆነው ነበር። ችግሩ ያለው ተናጋሪው ላይ ነው። ነርስ ስለ ታማሚ ብዛት ስትናገር ሰሚው ሥራ እንዲቀልላት የምትለምን ሠራተኛ አድርጎ ያያታል፤ ለራሱ ሲቆርስ ማን ያሳንሳል? ግምቱ ፍትሐዊ አይደለም፤ ግን አለ። ሌላም አለ። የሰማውን ሰው ልብ የሚነካው ታሪክ፣ ማታ ደወል ነክቶ ነርስ ስላጣው ታማሚ የሚነገረው፣ እኛ አፍ ላይ ሊገኝ አይችልም። የታማሚን ምስጢር የመጠበቅ ግዴታ አለብን። ያንን ታሪክ መናገር የሚችለው ታማሚው ራሱ ወይም አልጋው አጠገብ ያደረው ዘመዱ ነው።

የካሊፎርኒያም ነገር ይህንኑ ነው የሚያሳየው። በ2004 መጨረሻ ገዥው አርኖልድ ሽዋርዘኔገር ምጣኔውን የሚያጠብቀውን ደረጃ ሊያዘገዩ ሲነሱ ነርሶቹ ፍርድ ቤት ሄደው ረቱ። አደባባይ ሲወጡ ግን መምህራንና እሳት አደጋ ሠራተኞች አብረዋቸው ነበሩ፤ በኖቬምበር 2005 ገዥው ለሕዝበ ውሳኔ ያቀረቧቸው ሐሳቦችም ሁሉም ወደቁ። ኦሪገን ደግሞ በ2023 ምጣኔን በሕግ ስታጸድቅ የነርሶች ማኅበሩ ከሆስፒታሎቹ ማኅበር ጋር ቁጭ ብሎ ተደራድሮ ነበር። ጥምረት ወዳጅን መሰብሰብ ብቻ አይደለም፤ ተቃዋሚው የሚኖርበትን ረቂቅ መጻፍም ነው።

ከዚህ ወደ እኛ ሰዎች ልምጣ። በላስ ቬጋስና ዙሪያዋ የሚኖረው ኢትዮጵያዊና ኤርትራዊ ወደ 40,000 እንደሚደርስ ይገመታል። በ2023 ክላርክ ካውንቲ አንዱን አካባቢ ትንሿ ኢትዮጵያ ብሎ ሰይሞታል፤ ማኅበረሰቡ ተባብሮ ከጠየቀ እንደሚሰማ ያሳየ ነገር ነው። (ስም መስጠት ብዙ ወጪ የለውም፤ ነርስ መቅጠር አለው። ልዩነቱን አልዘነጋሁም።) ማን እንደታመመ፣ ማን ሆስፒታል እንደተኛ፣ ማን ብቻውን እንደቀረ ከማንም ቀድሞ የሚያውቀው ዕድር ነው፤ ያንን የመሰለ መረብ ማንኛውም የሙያ ማኅበር በገንዘብ አይገዛውም። ዕድር ከቀብር ያለፈ ሥራ መሥራቱም አዲስ አይደለም፤ ኤች አይ ቪ ብዙ ቤት በዘጋበት ዘመን የአዲስ አበባ ዕድሮች አስታማሚና ወላጅ አልባ ልጆችን ደጋፊ ሆነው ነበር። ወደ ኋላም ብንሄድ፣ በለንደን ነርስነት ተምራ በ1942 በለጋነቷ ያረፈችው የልዕልት ፀሐይ መታሰቢያ ሆስፒታል በ1951 የተከፈተው ብዙ ሰው ገንዘብ ስላዋጣ ነው፤ ከቀስቃሾቹ ዋናዋ ሲልቪያ ፓንክረስት ነርስ አልነበረችም።

ዕድርንና ቤተ ክርስቲያንን ፖለቲካ ውስጥ አታስገቡ የሚል ሰው ይኖራል፤ ሥጋቱን አከብራለሁ። በአገር ቤት ፖለቲካ ስንት ማኅበር እንደተከፈለ የማያውቅ የለም። ግን እጩ መደገፍና ስለ አንድ ረቂቅ ሕግ መናገር አንድ አይደሉም። የአሜሪካ ሕግ ከግብር ነፃ የሆኑ የበጎ አድራጎትና የሃይማኖት ተቋማትን እጩ እንዳይደግፉ ይከለክላል፤ ስለ ሕግ ረቂቅ ግን በተወሰነ መጠን እንዲናገሩ ይፈቅዳል። ለመመስከር ዜግነትም አይጠየቅም። ጥያቄው አንድ ከሆነ፣ የሚያበቃበትም ቀን ከታወቀ፣ ዕድሩ ነገ እንደ ትናንቱ ዕድር ሆኖ ይቀጥላል።

ከዚህ የሚከብደው ፍርሃት ነው። የቤት ዕዳ ያለባት፣ አገር ቤት ለወላጆቿ የምትልክ ነርስ ስሟን አደባባይ ለማውጣት ብታመነታ አይፈረድባትም። የ1935ቱ የሠራተኛ ግንኙነት ሕግ በግል ድርጅት የሚሠሩ ሰዎች ስለ ሥራቸው ሁኔታ ተባብረው መናገራቸውን ይጠብቃል፤ በ1974 ለትርፍ ያልተቋቋሙ ሆስፒታሎችንም አቅፏል፤ በ1978 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በኢስቴክስ ጉዳይ ጥበቃው ከመሥሪያ ቤቱ ቅጥር ውጭ ሕግ አውጪውን እስከ መማጸን እንደሚደርስ ወስኗል። ቀዳዳ ግን አለው፤ ቻርጅ ነርስ እንደ ሥራዋ ዓይነት ተቆጣጣሪ ልትባልና ከጥበቃው ልትወጣ ትችላለች። ሕጉን አምኖ መናገር ለሁሉም እኩል አስተማማኝ አይደለም፤ ነርስ ያልሆነው አጋር የሚያስፈልግበት ተጨማሪ ምክንያትም ይኸው ነው። ታክሲ ነጂው ስለ እናቱ አልጋ ቢናገር የሆስፒታሉ አለቃ ሺፍቱን አይቀንስበትም።

ከሁሉም ጠንካራው ተቃውሞ ግን የሚመጣው ከሒሳብ ነው። ኔቫዳ ከሕዝቧ ብዛት ጋር ሲነጻጸር ነርስ የሚያንሳት ግዛት ናት፤ ጣሪያ ብታስቀምጡ ሆስፒታሉ አልጋ ይዘጋል፣ ታማሚው ድንገተኛ ክፍል ውስጥ ይጠብቃል ይላሉ። ይህን ንቆ ማለፍ ስህተት ነው፤ በተለይ ለገጠሩ እውነትነት አለው። በእኔ ግምት ጥምረቱ በምጣኔው መጀመር የለበትም። ኔቫዳ በ2009 ባወጣችው ሕግ በትልልቅ ካውንቲዎች ከ70 አልጋ በላይ ያላቸው ሆስፒታሎች የሠራተኛ ምደባ ኮሚቴ እንዲኖራቸው፣ ከአባላቱም ግማሹ ታማሚ የሚንከባከቡ ሠራተኞች እንዲሆኑ ተደንግጓል። በእጅ ያለ ሕግ ነው። ኮሚቴው በእርግጥ ይሰበሰባል ወይ? የምደባ ዕቅዱ ከተጨባጩ ሺፍት ጋር ተመሳክሮ ለሕዝብ ይነገራል ወይ? ለዚህ ጥያቄ አዲስ ነርስ መቅጠር አያስፈልግም፤ አልጋም አይዘጋበትም፤ ግልጽነትን የሚቃወም ወገን ደግሞ ምክንያቱን በአደባባይ ማስረዳት ይኖርበታል። መልሱ በመረጃ ከተገኘ በኋላ ስለ ምጣኔ የሚደረገው ክርክር ከዛሬው ሌላ መልክ ይኖረዋል።

ቀጣዩ ጉባኤ የሚከፈተው በፌብሩዋሪ 2027 ነው። በመሃል ባለው ጊዜ የምክር ቤቱ የጤናና የማኅበራዊ አገልግሎት ኮሚቴ ይሰበሰባል፤ ረቂቅ እንዲዘጋጅም መጠየቅ ይችላል። ሕዝብ የሚናገርበት ጊዜ ብዙውን ጊዜ በአጀንዳው መጀመሪያና መጨረሻ ላይ ይመደባል፤ ለአንድ ሰው ሁለት ሦስት ደቂቃ ነው። አንድ ዕድር አሥር አባላቱን ቢልክ፣ ሌሊቱን የሠራችውም ነርስ ከኋላ ወንበር ላይ ሆና ብታዳምጥ፣ ግማሽ ሰዓት የሚጠጋ ጊዜ ይሆናል።