ጉልበት ሲያም ጭንን መጠየቅ ነው

ከአዲስ አበባ ከሚሴ ለመድረስ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ አውቶቡስ ላይ መቀመጥ ግድ ነው። ጣርማ በርን አልፈን ሸዋ ሮቢት ስንቃረብ የቀኝ ጉልበቴ ከፊት ለፊቱ ይጠዘጥዘኝ ጀመር። ህመሟን አውቃታለሁ። በ17 ዓመቴ ከሰፈር ቡድን ያስወጣችኝ እሷው ናት። ያኔ ጅማትህ ተበጥሷል፣ ኳስ በቃህ ተባልኩ። አመንኩና ታኬታዬን ሰቀልኩ።

የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን መቀመጫ የሆነችው ከሚሴ ስደርስ ያችው ታሪክ ጠበቀችኝ። አመሻሽ ላይ ልምምድ ከሚሰሩት ልጆች አንዱ ጉልበቱን በፋሻ ጠምጥሞ ሜዳ ዳር ተቀምጧል። ማንም አልመታውም፣ አልወደቀም፣ እብጠትም የለውም። ሲሮጥና ቁልቁለት ሲወርድ ግን የጉልበቱ ሎሚ ዙሪያ ያመዋል። እሱም እንደኔው ኳስ ሊያቆም አስቧል።

ለመሆኑ ይህ ህመም ምንድን ነው? ዲኤስቲቪ ቤት አግዳሚ ላይ ተጣብባችሁ 90 ደቂቃ ጨዋታ አይታችሁ ስትነሱ የጉልበታችሁ ሎሚ ካመማችሁ፣ ደረጃ ስትወርዱና ቁጢጥ ስትሉ ከባሰባችሁ፣ ምናልባት እሱው ነው። የጅማት መበጠስ ሌላ ነገር ነው። ብራዚላዊው ሮናልዶ እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2000 ኢንተር ከላዚዮ ሲጫወት የተበጠሰበት ሎሚዋን ከቅልጥም አጥንት ጋር የሚያያዘው ጅማት ነው። እሱ እንኳ ተመልሶ በ2002 የዓለም ዋንጫ 8 ጎል አግብቷል። ታዲያ ጅማቱ ያልተበጠሰው ልጅ ለምን ያቆማል?

የጉልበት ሎሚ የጭን አጥንት ጫፍ ላይ ባለች ቦይ ውስጥ ትንሸራተታለች። የሚጎትታት ከፊት ያለው ባለ አራት ክፍል የጭን ጡንቻ ነው። ይህ ህመም ያለባቸው ሰዎች ሲለኩ ብዙ ጊዜ ይሄው ጡንቻ ደክሞ ይገኛል፤ የዳሌ ጡንቻም እንዲሁ። በአንዳንዶቹ ላይ የውስጠኛው ክፍል ከውጪኛው ዘግይቶ ነው ስራ የሚጀምረው፤ በሁሉም ላይ ግን አይደለም። የባሰው ደግሞ ህመሙ ራሱ ጡንቻውን ማሳነፉ ነው። ሲያማችሁ እግሩን ታሳርፉታላችሁ፣ ጭኑ ይከሳል፣ የከሳ ጭን ደግሞ ሎሚዋን መልሶ ያሳምማል። ፋሻና ቅባት ብቻቸውን ይህን አዙሪት አይሰብሩትም። እረፍትም ቢሆን ያስታግሳል እንጂ ጡንቻ አይገነባም።

እ.ኤ.አ. በ2018 የዘርፉ የዓለም ባለሙያዎች ባወጡት የጋራ ሃሳብ ዋናው መፍትሄ የጭንና የዳሌ ጡንቻን አብሮ ማጠንከር ነው። ጂም አያስፈልግም። አንድ የድንጋይ ደረጃ ላይ ቀስ ብሎ መውጣትና መውረድ፣ ግድግዳ ተደግፎ በግማሽ ቁጭ ማለት፣ በጎን ተኝቶ የላይኛውን እግር ማንሳት፣ በጀርባ ተኝቶ ጉልበት አጥፎ መቀመጫን ማንሳት። በሳምንት ሶስት ቀን፣ ቢያንስ ለስድስት ሳምንት። ቀለል ያለ ህመም ቢኖር ችግር የለውም፤ ከጠና ግን ልምምዱን መቀነስ ነው። ሩጫውንም ማቆም ሳይሆን ለጊዜው ማሳጠር ይበቃል።

ጉልበቱ ካበጠ፣ ከተቆለፈ ወይም ከግጭት በኋላ ከከዳ ግን ሀኪም ቤት እንጂ ሜዳ ቦታው አይደለም።

ያን ምሽት ለከሚሴው ልጅ ይህንኑ ነገርኩት። ፋሻውን ፈትቶ ደረጃ ፍለጋ ሄደ። እኔም ከጎኑ ቆሜ ጀመርኩ። ያለ ጉልበት ጉልበት አይድንም።